ሌባ የማይደፍረው ሳጥን

በቀደም ዕለት መቱ መናኸሪያው ፊት ለፊት ስደርስ አንድ በያጅ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን ዙሪያውን በብረት ፍርግርግ ሲያጥር አገኘሁት። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ወትፎ፣ ቱቦላሬ ብረቱን ቀይ የአንቲረስት ቀለም ይለቀልቃል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር የቀለሙ ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ገባና እግሬ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ብረት የቀጠቀጠ ሰው ሌላው ሲቀጠቅጥ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። "ምን እየሠራህ ነው ልጄ?" አልኩት። "የሌባ መከላከያ ነው ጋሼ። ይኼ ካለቀ በኋላ እንኳን ሰው ጂኒም አይደፍረው" አለኝ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ማጠፊያውን አየሁት። የቡሎኑን ጭንቅላት ወደ ውጭ አድርጎ ነው ያሰረው! አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ የያዘ ሰው በአንድ እጁ ሻይ እየጠጣ በሌላው ይፈታዋል። ልነግረው አስቤ ተውኩት። የዘንድሮ ባለሙያ ስህተቱን ሲነግሩት "ስልክ ላይ አይቼ ነው የሠራሁት" ብሎ ያፈጥጣል፤ እንዲህ ያለውን ማን ያርመዋል?

ነገርን ነገር ያነሳዋል። እኔ አበራ እባላለሁ። ዛሬ ስሜን አስታውሶ የሚጠራው የዕድር ጸሐፊው ብቻ ነው እንጂ፣ ጆተኒ በየመንደሩ በነገሠበት ዘመን ከመቱ እስከ ያዮ፣ በወዲያ በኩልም እስከ ኡካ ድረስ፣ የሳንቲም ሳጥኑ የተዘረፈበት ባለ ጆተኒ ሁሉ የሚፈልገው እኔን ነበር። ጆተኒን የማያውቅ ካለ፣ ብረት ዘንግ ላይ የተሰኩ የእንጨት ተጫዋቾች ያሉት የጠረጴዛ ኳስ ነው። ጎኑ ላይ ባለችው ቀዳዳ ስሙኒ ይከተታል፣ እጀታው ይሳባል፣ ኳሶቹ ግር ብለው ይወርዳሉ፤ ስሙኒዋ ደግሞ ከሥር በተቆለፈው ሳጥን ውስጥ ትወድቃለች። ያቺን ስሙኒ ለማግኘት ሌባው ያልሞከረው፣ ሌባውን ለማስቆም ደግሞ እኔ ያልሞከርኩት ነገር የለም።

ዘመኑን በቀንና በዓመት ተናገር ብባል አልችልም። መንግሥት ተለውጦ፣ የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ በቁቤ ይጻፍ ተብሎ፣ ሰሌዳ ጻፊዎች ከቡና ነጋዴ እኩል ሥጋ ቤት ተቀምጠው ያስቆረጡበት ሰሞን እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ፓስቲ ለስሙኒ ሁለት ይደርስ ነበር። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ማለት አንድ ሻይ መተው ማለት ነው፤ ሻዩን ትቶ የሚጫወተው ግን ተሰልፎ ነው። ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ጥግ ሰልባጅ ይዘረጋ ስለነበር፣ ፊደል ያልቆጠረ ቡና ለቃሚ ጀርባው ላይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም የተጻፈበት ጃኬት ለብሶ ይንጎራደዳል። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ ነው፤ የመቱ ዝናብ ቆዳ ጫማ ለሚያደርግ ሰው አያዝንም። የኮሌጅ ተማሪዎች ሱሪያቸውን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አጥፈው፣ ፀጉራቸውን በቅባት አብርቀው፣ ጆተኒውን እንደ መኪና መሪ ጨብጠው ይጮኻሉ። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ አውጥቶ፣ ጠዋት አንድ የአማርኛ ዘፈን፣ ከሰዓት በኋላ አንድ የኦሮምኛ ዘፈን፣ ካሴቱ እስኪንተባተብ ድረስ ይደጋግማል። ዘፋኞቹ ራሳቸው ቢሰሙት ምነው ባልዘፈንኩት ባሉ። አሁን ያ ጥግ የስፖርት ውርርድ ቤት ሆኗል። ጎልማሳ ሁሉ ግድግዳ ላይ ባለ ቴሌቪዥን አፍጥጦ፣ ስሙን በቅጡ መጥራት በማይችለው የፈረንጅ ቡድን ገንዘቡን ያቃጥላል። ጆተኒ ቢያንስ እጅ ያፍታታ ነበር።

የእኔ ዘመን ሰዎች ናፍቆት ሲይዛቸው "ያኔ ሰው ሁሉ ታማኝ ነበር" ይላሉ። ውሸት ነው። ያኔም ሌባ ነበረ፤ ልዩነቱ የስሙኒ ሌባ መሆኑ ነው። የቡሎን ሮንዴላ ሞርዶ በስሙኒ ልክ የሚያወጣ ነበረ። ግማሽ ቀን ተጎንብሶ፣ መዳፉ እስኪላጥ ፍቆ፣ አንዲት ጨዋታ ይጫወትባታል። ያንን ግማሽ ቀን እኔ ጋ መጥቶ ብረት ቢያቀብለኝ አምስት ብር በከፈልኩት። ቆርኪ በድንጋይ የሚጠፈጥፍ ነበረ። ስሙኒዋን በስቶ ክር አስሮ፣ ኳሶቹ ሲወርዱለት መልሶ የሚጎትታት ነበረ። ለአራት ሆነው ጠረጴዛውን ገልብጠው እንደ ጆንያ የሚያራግፉ ነበሩ። ከሁሉ የናቅሁት ግን ሽቦ ጫፍ ላይ የዛፍ ሙጫ ለጥፎ፣ በቀዳዳው እየሰደደ ስሙኒ የሚያጠምደውን ነው፤ ሶር ወንዝ አጠገቡ እየፈሰሰ እሱ ደረቅ ሳጥን ላይ መቃጥን ይጥላል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ማለት ይኼ ነው። ምንም ሳያገኝ የቀረው ደግሞ በንዴት ምስማር ቀዳዳው ውስጥ ሰብሮበት ይሄዳል። እሱኛው ምን እንደሚጠቀም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባለ ጆተኒዎቹም ከሌቦቹ የሚሻሉ አልነበሩም። ሁሩሙ ላይ አንዱ ሳጥኑን በአራት ጓጉንቸር ቆልፎ፣ የአራቱንም ቁልፍ እዚያው ጠረጴዛው ላይ በተመታ ምስማር አንጠልጥሎት ደረስኩ። "እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው" አለኝ፣ አስተዋይነቱን እንዳደንቅለት እየጠበቀ። ኡካ ላይ ደግሞ ሌላው ሳጥኑን በእሾህ ሽቦ ጠምጥሞት፣ ሌባው ጭራሽ ሳይመጣ የራሱን እጅ በጨርቅ ጠቅልሎ ከረመ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ የኢሉባቦር ነጋዴዎች ተብለው ዛሬ በናፍቆት የሚወሩት።

እኔ ግን አስቤ ነበር የምሠራው። ቢያንስ እንደዚያ እያልኩ እፎክር ነበር። ሳጥኑን ከጠረጴዛው እግር ጋር በየድኩት፤ የቡሎን ጭንቅላት ሁሉ ወደ ውስጥ ዞረ። ቀዳዳው ላይ ወፍራም ሮንዴላ የማያሳልፍ ስስ ላሜራ ገጠምኩ። ለባለ ሙጫው ደግሞ ለብቻው አንድ ነገር አሰብኩለት፤ ከቀዳዳው ሥር ስሙኒ ተንሸራቶ የሚያልፍበት፣ ሽቦ ግን የሚጠመዘዝበት የታጠፈ ላሜራ። ስሙን "ምላስ" አልኩት። በመጨረሻም ማንም ያላሰበውን አደረግሁ። ከተበላሸ ቴፕ ሪከርደር ያቺን ካሴቱ ሲዞር ቁጥር የምትለውጠውን ቆጣሪ ፈታሁና ከእጀታው ጋር አገናኘኋት። እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ትቆጥራለች። "ማታ ቆጣሪዋና ሳጥኑ ካልተስማሙ ሌባው ከውጭ አይደለም፤ ከውስጥ ነው" ብዬ ነው ሥራዬን ለነስሩ የሸጥኩለት።

ነስሩ ጨርቅና ጨው የሚነግድ፣ ቤተሰቡ ቡና ተከትሎ ከጅማ በኩል የመጣ ሰው ነበር። ሱቁ በረንዳ ላይ ጆተኒ ነበረችው፤ መቱ ላይ እንደሷ የሚጫወቱባት አልነበረችም። ጠባቂዋ ገመቹ ይባላል። ገመቹ የኡካ ሰው ነው፤ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሰቅሎ ማር ሲቆርጥ የኖረ፣ አንድ ቀን ከዛፍ ወድቆ ዳሌው የተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ዛፍ መውጣት ስለማይችል ከሚስቱ ከጫልቱ ጋር መቱ ገባ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ብር ላመጣ ስሙኒ ይዘረዝራል፣ ሲጣሉ ይገላግላል፣ ኳስ ሲቀረቀር ሳጥኑን ከፍቶ ያወጣል። የሳጥኑ ቁልፍ ሁለት ነበር፤ አንዱ በነስሩ፣ አንዱ በገመቹ እጅ።

እውነቱን ለመናገር ገመቹን እንቀው ነበር። ያኔ እኛ ጴንጤ እያልን የምናሾፍባቸው የወንጌል አማኞች ወገን ነው። ማርያምን፣ ሚካኤልን፣ ወላሂ በሚባልበት ገበያ መሀል ተቀምጦ እሱ "ኤዬ" እና "አይደለም" ብቻ ይላል። "እስቲ በእናትህ ማል" ሲሉት ይስቃል። መሐላ የሚሸሽ ሰው የሚደብቀው አለው ብዬ ነበር የማምነው። ደግሞም ሥራዬን አላደነቀልኝም። ምላሷንና ቆጣሪዋን ገጥሜ ስጨርስ፣ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣

"ኢንጂነር፣ እኛ አገር ማር ዛፍ ላይ ያለ ቁልፍ ነው የሚከርመው" አለኝ። "የሰው ቀፎ የነካ ሰው ሚስትም አያገኝ። እናንተ ለስሙኒ ይህን ሁሉ ብረት?"

"እናንተ አገር ስሙኒ ስለሌለ ነው" አልኩት። ተሳሳቅን፤ እኔ ግን የሳቅሁት ከጥርሴ ነው።

ቡና ደረሰ። ጥቅምትና ኅዳርን በመቱ ያላሳለፈ ሰው ጆተኒ ምን እንደሆነ አያውቅም። ለቃሚው ከየጫካው ገንዘብ ይዞ ይጎርፋል፤ የእሸት ቡናው ልጋግ ከጣቱ ሳይለቅ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ በረንዳው ላይ ይሰለፋል። የቆሻሻው መዓት! እጀታው ይጣበቃል፣ ስሙኒው ይጣበቃል፣ የነስሩ በረንዳ ዝንብ ብቻ ይሆናል። ገበያው ግን ገበያ ነው፤ ነስሩ ፊቱ በርቶ ከረመ። ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆነው ቆጣሪዋ የምትለውና ሳጥኑ ውስጥ ያለው መለያየት ጀመሩ። መጀመሪያ በጥቂት፣ ከዚያ በብዙ።

ገመቹ ራሱ ነው ሱቄ ድረስ እያነከሰ የመጣው። በዚያ ዳሌው፣ በዚያ ጭቃ። "ኢንጂነር፣ ድምፁ ተለውጧል" አለኝ። "ድሮ ስሙኒዋ ስትወድቅ ቅጭል ትል ነበር። አሁን አንዳንዷ ገብታ ዝም ትላለች። ማሎ፣ እባክህ መጥተህ ምላሷን ፍታት።" ሞርሳ ላይ ሥራ አስሬ ነበር፤ ሥራው ባይኖርም ኖሮ አልሄድም ነበር። የማር ቆራጭ የብረት ድምፅ ሊያስተምረኝ! "ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፣ ጆሮህን ታየው" አልኩት። ትንሽ ቆሞ ጠበቀኝና፣ ቀና እንደማልል ሲያውቅ ሄደ።

ነስሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፖሊስ አልጠራም። ሦስት ሽማግሌዎች ሰበሰበ። በቀትር፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን፣ ቡና ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስለነበር ሁሉም የሚናገረው በጩኸት ነው፤ ያ ቀን ሲታወሰኝ ሁሉም ሰው የተቆጣ የሚመስለኝ ለዚህ ይሆናል። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሼ መርጋ ነበሩ፤ መቱ ላይ ያላስተማሩት ሰው የሌለ ጡረተኛ መምህር።

"ገመቹ፣ ነስሩ ሌባ አላለህም" አሉ ጋሼ መርጋ። "ቆጣሪዋና ሳጥኑ አልተስማሙም ነው የሚለው። ቁልፉ ያለው በእሱና በአንተ እጅ ነው። እንግዲህ እንዳገሩ ወግ ማልና ነገሩ እዚህ ይብቃ። ከማልክ ማንም ቀና ብሎ አያይህም።"

"አልወሰድኩም ጋሼ።"

"እሱን ነው በመሐላ በል የምንልህ።"

"ሂን ከከዹ" አለ ገመቹ። ከዚያ ለእኔ ሲል ይመስለኛል በአማርኛ ደገመው። "አልምልም። ቃሉ ከቶ አትማሉ ይላል። አልወሰድኩም ካልኩ አልወሰድኩም ነው። መሐላ ብጨምርበት እውነቱ አይጨምርም።"

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "የበላ ነው መሐላ የሚፈራ" አለ፣ ለማንም እንደማይናገር ሆኖ። ነስሩ አንገቱን ደፋ። አሁን ሳስበው ነስሩ ያን ሰዓት ገመቹ እንዲምልለት ይለምን የነበረ ይመስለኛል። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። ለእኛ ለሌሎቻችን በቀን መቶ ጊዜ፣ ቲማቲም ስንከራከር እንኳ ከአፋችን የምትወጣ ቃል። ያቺን ቃል ስላላወጣ የሦስት ሽማግሌዎች ፊት አንድ ላይ ተዘጋበት።

"እሺ፣ ባለሙያው ይጠየቅ" አሉ ጋሼ መርጋ። ወደ እኔ ዞሩ። "አበራ፣ ከዚህ ሳጥን ያለ ቁልፍ ገንዘብ ሊወጣ ይችላል? ወይስ መንገድ ላይ የሚቀርበት ቦታ አለ?"

"ማሎ ኢንጂነር፣ ክፈተውና አሳያቸው" አለ ገመቹ። ጠረጴዛው ከእኛ ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ በረንዳው ላይ ነው። ቡሎኖቹን ለመፍታት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ግን በሽማግሌ ፊት ባለሙያ ተብዬ ተጠርቻለሁ፤ እውቀቴን የማር ቆራጭ ሊፈትሽልኝ ነው? ብድግ አልኩ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። "ሚካኤልን!" አልኩ። "ከዚህ ሳጥን ያለ ቁልፍ የወጣች፣ መንገድ ላይም የቀረች አንዲት ስሙኒ ካለች ይኼ እጄ ይቆረጥ!" ልብ በሉ፤ ማንም ማል አላለኝም። በገዛ አፌ፣ ሳልጠየቅ፣ ለመደነቅ ብዬ ማልኩ።

ሽማግሌዎቹ ምሕረት ያደረጉ መሰላቸው። ገንዘቡ ይቅርለት፣ ሥራውን ግን ይልቀቅ አሉ። ገመቹ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ጆንያው ላይ አስቀመጠ። ወጥቶ ሲሄድ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመና፣ "ሳትከፍተው ማልክ" አለኝ፤ እንደ ቁጣም አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መቱ ሠራችለት። ከተማ ስም ማጥፋት ላይ ሲሆን ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ሞልቶታል። በሳምንቱ "ገመቹ ስሙኒ" ተባለ፤ በወሩ "ገመቹ"ው ወድቆ "ስሙኒ" ብቻ ቀረ። ቡና ማጠቢያ ዘበኛ ልሁን ብሎ ቢሄድ ሳቁበት። ጫልቱ ጎመን ልትገዛ ስትቀርብ ባለ ጉሊቶቹ ሳንቲም የያዘውን ጣሳቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ፤ ይኼንን በዓይኔ አይቻለሁ። እነዚያው ባለ ጉሊቶች በሚዛን ሲሰርቁኝ የኖሩ ናቸው። ዓመት ሳይሞላው ባልና ሚስት ያዮ ገቡ፣ ከጫልቱ ዘመዶች ዘንድ። የተሰበረ ዳሌ ይዞ የጫካ ቡና ለቀማ እንዴት እንደሚሆን ጠይቄም አላውቅ። እኔ ግን በዚያው ሰሞን ገበያዬ ደራ። "ሽማግሌ ፊት ምሎ የቆመለት ሳጥን" እየተባለ ከያለበት ሥራ አዘዙኝ።

ጥቂት ክረምቶች አለፉ። ፑል ቤት መጣ፤ ጎረምሳው ሁሉ እንጨት ይዞ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ማጎንበስ ሥልጣኔ መሰለው። ጆተኒ የልጅ ጨዋታ ነው ተባለ። ነስሩ ጠቅልሎ ወደ ጅማ ሲመለስ ያቺን ጠረጴዛ ለብረቷ ብዬ ገዛኋት። አንድ ጠዋት ሱቄ በር ላይ አጋድሜ ቡሎኖቹን ፈታሁ፣ ምላሷን ነቀልኩ። ከኋላዋ፣ በላሜራውና በጠረጴዛው እንጨት መሀል፣ አንድ ጥቁር ነገር ተወትፏል። ጭቃ መስሎኝ በቢላ ፈነቀልኩት። እንደ ደረቀ ጭኮ ተቆርሶ ወጣ። ስሙኒ ነው። ስሙኒ በስሙኒ ላይ፣ በቡና ልጋግ ተጣብቆ፣ ሻግቶ፣ ጥቁር ሆኖ። እጄን ብሰድ አለ፤ ደግሜ ብሰድ አለ።

ወዲያው ነው የገባኝ። ልጋግ የነካው ስሙኒ ምላሷ ላይ አይንሸራተትም፤ ይጣበቃል። ሁለተኛው ይደገፈዋል፣ ሦስተኛው አቅጣጫውን ስቶ ወደ ኋላ ይወድቃል። ኳሱ ግን ይወርዳል፣ ቆጣሪዋም ትቆጥራለች። ከኋላ ያለው ክፍተት ሲሞላ ቆጣሪዋና ሳጥኑ መልሰው ተስማሙ፤ እኛ ገመቹ ስለሄደ መስሎን ነበር። ምላሷን የሞከርኳት እኮ ሱቄ ውስጥ፣ በደረቅ እጅ፣ በሳሙና አጥቤ ባሰናዳሁት ስሙኒ ነበር! በቡና አገር ተወልጄ፣ ቡና ስለቅም አድጌ፣ በኅዳር ወር መቱ ላይ ንጹሕ እጅ እንደሌለ ረሳሁት። ሮንዴላ በሚሞርደው ስቄ ነበር። እሱ ቢያንስ የሠራውን ያውቃል።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ያኔ የአንድ ትልቅ መጋዘን በር ሊሰጠኝ ስምምነቱ አልቆ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው። "የአበራ ሳጥን ራሱ ሌባ ነው" ከተባለ ማን በር ያሠራኛል? ደግሞ በሚካኤል ምያለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስሙኒዎቹን በጋዝ አጥቤ፣ በጨርቅ ቋጥሬ፣ በወሩ የሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ከተትኳቸው። ይህን ሳደርግ እንደ ደግ ሰው ሆዴ ባብቶ ነበር፤ ሳስታውሰው ዛሬም ያስጠላኛል። የሰው ስም ሰርቄ ለመልአኩ ስሙኒ ሰጠሁ። ይሁዳ እንኳ ገንዘቡን የመለሰው ለሰጡት ሰዎች ነው።

ያዮ ሩቅ አይደለም። ሁሩሙን አልፎ ነው። ለሥራ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በገመቹ ሠፈር በኩል ግን አላለፍኩም። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የያዮ ማር ነጋዴ ሱቄ መጥቶ ክዳን ሲያስበይድ፣ "ያ ስሙኒ የምትሉት ሰውዬ ሞተ" አለኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእሱ ከመቃብር በላይ የዋለው እኔ ያተረፍኩለት ስም ነው።

እንግዲህ ያ በያጅ "ጂኒም አይደፍረው" ያለኝ ዕለት እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለአሥራ ሁለት ሰው የተሠራውን መኪና ሃያ አድርጎ የሚጭን፣ መልስ ሲጠየቅ ደግሞ "ዝርዝር የለም አባባ" የሚል ረዳት ጉልበቴ ላይ ተቀምጦ ያዮ ደረስኩ። የገመቹን ቤት ስጠይቅ ማንም አላወቀውም። "ስሙኒ" ስል አንድ ሙሉ መንደር ጣቱን ቀሰረልኝ።

እትዬ ጫልቱ ደጃፍ ላይ ቡና ማስጫው አልጋ አጠገብ ቆመው ቡና ይገለብጣሉ። አርጅተዋል፤ እኔም ያው ነኝ። አወቁኝ። "ጋሼ አበራ፣ ምን እግር ጣለዎት?" አሉና በርጩማ ሊያመጡልኝ ዞሩ። ቁጭ ካልኩ እንደማልናገር ስላወቅሁ ቆሜ ነገርኳቸው።

"ገመቹ ገንዘቡን አልወሰደም። የእኔ ላሜራ ነው የያዘው። ጠረጴዛዋን ስፈታት ሁሉንም ከውስጧ አገኘሁት። ገመቹ ንጹሕ ነበር እትዬ ጫልቱ።"

እጃቸው ቡናው ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ለእርግማን ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እርግማን ቢሆን ተቀብዬ እሄዳለሁ፣ ይቅርታ ቢሆንም ተቀብዬ እሄዳለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ሁለቱም ለእኔ ነበሩ።

"እኔ ወስዷል ብዬ ነው የኖርኩት" አሉ።

ቡናውን እያዩ ቀጠሉ።

"ያን ቀን ቤት ሲገባ 'አልወሰድኩም' አለኝ። አንድ ጊዜ። ሁለተኛ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልደገመልኝም። ሽማግሌ ተቀምጦ ፈርዶ፣ እርስዎ በሚካኤል ምለው፣ እሱ ደግሞ ማል ሲባል እምቢ ብሎ... እኔ ምን ላድርግ? የት ደበቀው እያልኩ ጣራውን ሳይቀር ፈትሻለሁ። ስፈትሽ የሚያየኝ እየመሰለኝ እሱ ቡና ሊለቅም ሲወጣ ነው የምፈትሸው።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "መቼ ነው ያገኙት?"

ልዋሽ ዳዳኝ፤ አምና ልል። "ነስሩ ወደ ጅማ ሲሄድ" አልኩ።

"ያኔ ገመቹ ነበር?"

"ነበር።"

"ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኖረ?"

በልቤ ቆጠርኩ። "አሥራ ስድስት" አልኳቸው።

እትዬ ጫልቱ የቡና ማስጫውን አልጋ በሁለት እጃቸው ያዙ። "አሥራ ስድስት ዓመት" አሉ፤ "ገንዘቤን የቋጠርኩበትን መቀነት ከእሱ ደብቄ፣ ትራሴ ሥር አድርጌ ነው ከጎኑ የተኛሁት።"